አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ

ጠዋት ነው፣ የምተኛበት ሰዓት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሽማግሌዎች ሳገላብጥ አድሬ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋደም ብያለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም፣ ምክንያቱም ታላቅ ወንድሜ ኤልዳድ በዚህ ሰዓት ሀና ማርያም፣ እማዬ ግቢ፣ ጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ በር ተዘግቶበት እየተንቀጠቀጠ ነው። እየተንቀጠቀጠ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። እኔ ነኝ የማውቀው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ተማርኩት። ግላስጎው በሰኔ ብርሃኑ ለመሄድ አይፈልግም፣ መጋረጃዬ ደግሞ ስስ ነው፣ ዓይኔን ስጨፍን ራሱ ቀይ ሆኖ ይታየኛል፣ እዚያ ቀይ ውስጥ የኤልዳድ ጣቶች አሉ፣ የመዘምራኑን ኪቦርድ የሚጫወትባቸው ጣቶች፣ አሁን አንድ ብርጭቆ ውኃ ሳያፈስሱ መያዝ የማይችሉት። ስልኬ ደረቴ ላይ ነው። እማዬ ጋ እደውላለሁ፣ ዝግ ነው። እህቴ ራኬብ ጋ እደውላለሁ፣ ዝግ ነው። ያቺ የቴሌ ሴትዮ በማይቸኩል ድምጿ የደወልኩላቸው ደንበኛ ለጊዜው እንደማይገኙ ትነግረኛለች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ትደግምልኛለች፣ በአማርኛ ያልገባኝ ይመስል።

ለምን እንደተዘጋ አውቃለሁ። እኛ ቤት ጾም ጸሎት ሲያዝ የሁሉም ሰው ስልክ ይሰበሰባል፣ ይጠፋል፣ ሳፋ ውስጥ ተደርጎ ኩሽና መደርደሪያው ላይ ይወጣል፣ ዓለም እንዳይጠራን። ልጅ ሆኜ ሳፋውን የምሸከመው እኔ ነበርኩ፣ ደስ ይለኝ ነበር፣ የሰው ሁሉ ወሬ እጄ ላይ ዝም ሲል። ትናንት ከስልጠና ስወጣ ራኬብ ቴሌግራም ላይ ድምፅ ልካልኝ አገኘሁ። ደስ ብሏታል፣ እየሳቀች ነው፣ «ኖላ፣ ጉድ ልንገርህ፣ ኤልዱ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም። አንተ እንዳልከው ነው ያደረግነው። እማዬ ጠርሙሱን ቀማችው፣ ወንድም ኢያቄም መጥቶ ሰርቪሱ ውስጥ ፕሮግራም ይዘናል፣ እስኪለቀው አንወጣም ብለናል። ስልክ ልንዘጋ ነው፣ አንተም በያለህበት ጸልይ» ትላለች። አንተ እንዳልከው። ይህችን ብቻ ስንት ጊዜ ወደኋላ መልሼ ሰማኋት። ወንድም ኢያቄም የጸሎት ቡድኑ መሪ ነው፣ አባታችን ሲሞት ሳጥኑን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው፣ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ እንዴት በቀለለኝ።

ማስረዳት እወዳለሁ፣ ራኬብ አፍህ ዩቲዩብ ነው ትለኛለች፣ አሁን የሚሰማኝ ጣሪያው ብቻ ስለሆነ ለጣሪያው አስረዳዋለሁ። ስልጠናው በሱስ የተያዙ ሰዎችን ለሚረዱ አማካሪዎች ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የስደተኞችን ቋንቋ የሚችሉ ሰዎችን ሲፈልግ እኔ ተመዘገብኩ፣ ዲግሪ የለኝም፣ ያለኝ ኢንተርኔት ላይ ያጠራቀምኩት ነው፣ ግን ተቀበሉኝ። አሰልጣኛችን ሞይራ ትባላለች፣ ፀጉሯ ሽበት ነው፣ ስትናገር እጇን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ትናንት ቦርዱ ላይ የሱስ ዓይነቶችን ጻፈችና እያንዳንዱ በድንገት ሲቆም ሰውነት ምን እንደሚሆን ነገረችን። ስለ ጫት የጠየቅኳት እኔ ነኝ፣ ጫት ያቆመ ሰው ይደብረዋል፣ ይጫጫነዋል፣ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ በዚያ ግን አይሞትም። አልኮል ሌላ ነው። አልኮል አእምሮ ላይ የተያዘ ፍሬን ነው፣ በየቀኑ ሲያዝ አእምሮም ዝም አይልም፣ ፍሬኑን ለማሸነፍ ነዳጅ ይረግጣል፣ ከጧት እስከ ማታ ይረግጣል፣ ፍሬን ተይዞበት ነዳጅ የሚረገጥበት ሲኖትራክ አስቡት፣ ቆሞ ይጮኻል። አሁን ፍሬኑን በአንዴ ልቀቁት። ይህ ነው። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልብ ይመታል፣ ከዚያ ሰውዬው ወድቆ ሊንፈራገጥ ይችላል፣ ከዚያ የሌለ ነገር ያያል፣ ከዚያ። ሞይራ እዚህ ላይ እጇን ከኪሷ አወጣች። ማቆም አለበት አለች፣ ግን ሐኪም ባለበት፣ በመድኃኒት፣ ምክንያቱም ብዙ ዓመት በየቀኑ የጠጣን ሰው ቤት ቆልፈህ ብታስቆመው ልትገድለው ትችላለህ። ሁሉም ጻፉ። እኔ አልጻፍኩም። እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ቆሟል፣ ጆሮዬ ውስጥ የራሴ ድምፅ አለ፣ ባለፈው ሳምንት ለእማዬ የተናገርኩት።

ባለፈው ሳምንት የተማርነው ስለ ቤተሰብ ነበር። ቤተሰብ እንዴት ሳያውቅ ሱሱን እንደሚያግዝ፣ እንዴት እንደሚሸፍን፣ እንዴት የሰውዬውን ጥፋት ሌላ ስም እንደሚሰጠው። ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የእኛን ቤት እያየሁ ነበር፣ ኤልዳድ ሰንበት ጠዋት ካልተነሳ ጨጓራው ነው የሚባልበትን ቤት፣ አሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠራበት ወርክሾፕ ሲባረር አለቃው ክፉ ሆኖ የተባለበትን ቤት። ቤታችን ውስጥ መጠጥ የሚለው ቃል አይነሳም። አመሌ ነው፣ ከክፍል እንደወጣሁ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ደወልኩ፣ እና ሰበክሁ፣ ሌላ ቃል የለውም፣ ሰበክሁ። አትሸፍኑት አልኩ፣ አታባብሉት አልኩ፣ ሳይንሱ ይህን ይላል አልኩ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ አልኩ። እማዬ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ «ልጄ፣ ጌታ እዚያ የላከህ ለዚህ ነው» አለችኝ፣ እኔም አመንኳት፣ አውቶቡሱ መጥቶ ሲያልፈኝ እንኳ ደረቴን ነፍቼ ቆሜያለሁ። ግማሹን ተምሬ ሙሉውን አስተማርኩ።

ትናንት ክፍል ሲያልቅ ሞይራን በሩ ላይ ያዝኳት። አንድ የማውቀው ሰው አለ አልኳት፣ ወንድሜ አላልኩም፣ ምክንያቱም እዚህ አንድ ሕግ አላቸው፣ ለቤተሰብህ አማካሪ መሆን አትችልም፣ ፍርሃትህ በአንተ አፍ ይናገራል ይላሉ። እሷ ግን ፊቴን አይታ አወቀች መሰለኝ። አምቡላንስ ጥራለት አለችኝ፣ አሁኑኑ። እሷ ሦስት ቁጥር ሲነኩ አምቡላንስ በር ላይ የሚደርስበት ሀገር ልጅ ናት፣ እኔ ደግሞ ከዚህ ሆኜ የሀና ማርያምን ኮብልስቶን፣ ከውኃ ጋኑ አለፍ ብሎ ያለውን መታጠፊያ፣ ሰማያዊ በር ያለውን ግቢ ለማን ላስረዳ፣ ቢመጡስ እማዬ በሩን ከፍታ ደኅና ነን፣ እየጸለይን ነው፣ ተባረኩ ብላ አትመልሳቸውም? ትመልሳቸዋለች። ሥራ ገባሁ። በየእረፍቱ እደውላለሁ፣ ያቺው የቴሌ ሴትዮ ናት።

አሁን ግን፣ አሁን እዚህ ተጋድሜ የቴሌግራሜን አሮጌ ጥሪዎች ቁልቁል ስወርድ አንድ ስም የሌለው ቁጥር አየሁ፣ አስታወስኩት፣ የፋሲካ ሰሞን ራኬብ ካርድ ጨርሳ ከሐሚዳ ስልክ ደውላልኝ ነበር። ሐሚዳ ከሰማያዊው በራችን ፊት ለፊት ሱቅ አላት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ከረሜላ በዱቤ የምትሰጠኝ ሴት ናት። ደወልኩ። ጠራ። መጥራቱ ራሱ አስለቀሰኝ።

«ማነው?»

ኖላዊ ነኝ አልኳት፣ ማዶ ያለው ግቢ ልጅ፣ እና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገባሁ፣ በጣም ስለቸኮልኩ አቋረጠችኝ።

«ቆይ ቆይ። ፈረንጅ ሀገር ሰላምታ አይሸጥም እንዴ? እንዴት አደርሽ አይባልም?»

እንዴት አደርሽ አልኳት። አልሐምዱሊላህ አለች። ከዚያ ነገርኳት፣ ሁሉንም ሳይሆን የሚበቃውን፣ ኤልዳድ ታሟል፣ እነሱ መታመሙን አላወቁም፣ ስልካቸው ዝግ ነው፣ ገብተሽ አገናኚኝ። ከኋላዋ የሚኒባስ ረዳት ላፍቶ ላፍቶ ሲል ይሰማኛል፣ አንድ ሰው ሳሙና ስጪኝ ይላታል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጸሎታቸው እዚህ ድረስ እንደሚሰማ ነገረችኝ፣ ከትናንት ጀምሮ እንዳልወጡ፣ ሌሊት ላይ ጩኸት እንደሰማች። የማን ጩኸት አልኳት።

«ስማ ኖላዬ፣ እኔ ሂጃቤን አጥልቄ ገብቼ የሰው ጸሎት ላቋርጥ? እናትህ ነገ ምን ትለኛለች? ስንት ዓመት በሰላም የኖርን ጎረቤቶች ነን።»

ልክ ናት። እሷ ስትሰግድ እማዬ ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ ስኳር ስጪኝ አትልም፣ ሐሚዳም በእኛ ሰዓት በራችንን አንኳኩታ አታውቅም፣ ይህ መንደር በዚህ ነው የቆመው፣ እና እኔ አሁን ይህን አፍርሺልኝ እያልኳት ነው። የተማርኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «ሐሚዳ፣ ይሞታል» አልኳት። ከዚህ ሌላ ምንም አላልኩም። ሳሙና የጠየቀውን ሰውዬ ሱቁን ጠብቅልኝ ስትለው ሰማኋት፣ ከዚያ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ኮብልስቶኑ ላይ፣ ከዚያ የብረቱ በር፣ ሲከፈት የሚያቃስተው፣ እኔ ዘይት እቀባዋለሁ እያልኩ ሳልቀባው የሄድኩት በር።

ጸሎቱ እየቀረበ መጣ። ብዙ ድምፅ ነው፣ እንደ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ፣ ለይቼ የማውቀው የእማዬን ብቻ ነው። ሐሚዳ ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለች ገባች፣ ድምፁ አንድ በአንድ ወደቀ፣ የመጨረሻው ወንድም ኢያቄም ነው፣ ከዚያ ጸጥ ሲል ጥርስ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ጥርስ መሆኑን ያወቅኩት ስለተማርኩት ነው። ሐሚዳ ስልኩን ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬ አልተቆጣችም፣ ደስታ አፍኗታል፣ ድምጿ ሻክሯል።

«ኖላ፣ ልጄ፣ ሊለቀው ነው። ይንቀጠቀጣል፣ ላብ በላብ ሆኗል። ሌሊት ግድግዳው ላይ እኛ የማናያቸውን ሰዎች እየቆጠረ ሲጮኽ አደረ። ሊወጣ ሲል ነው እንዲህ የሚያደርገው።»

ምን ልበላት? ሞይራ አትከራከሩ ትላለች፣ ሰውዬው በሐሳቡ ያለበት ቦታ ሂዱ፣ የተናገረውን መልሳችሁ ንገሩት። ሞከርኩ፣ በእናቴ ላይ ሞከርኩት፣ «ተስፋ አድርገሻል ማለት ነው» አልኳት፣ እንደ ሞኝ። እሷም «አዎ፣ ተስፋ አድርጌያለሁ፣ አንተ ምን ሆነሃል?» አለችኝ። ከዚያ ተውኩት። እማ ይህ መንፈስ አይደለም፣ ሕመም ነው አልኳት፣ መጠጡ በአንዴ ስለተቀማ የመጣ ሕመም ነው፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ አሁን። ከዚያ ያንን የፈራሁትን ጠየቀችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ሳትወቅሰኝ።

«አንተው አይደለህ እንዴ አንድ ጠብታ እንዳይቀምስ ያልከው?»

ነኝ። ነኝ እማ። ልላት አፌን ስከፍት አንድ ነገር ወደቀ፣ ወንበር መሰለኝ፣ ራኬብ ጮኸች፣ ስልኩም አብሮ የወደቀ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የምሰማው ወለሉን ነው፣ ተረከዝ ሲሚንቶ ላይ ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሲመታ፣ አንድ ሰው በኢየሱስ ስም ይላል፣ አንድ ሰው ውኃ ይላል፣ እኔ አልጋዬ ላይ ቆሜያለሁ፣ አልጋዬ ላይ ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፣ በጎን አስተኙት እላለሁ፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከቱ፣ ክብሪት እንዳታሸትቱት፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉለት፣ ማንም የማይሰማውን ሥልጠናዬን ለሲሚንቶ እሰጣለሁ። ስልኩን ከወለሉ ያነሳችው ሐሚዳ ናት። በጎኑ ነው? እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ በጎኑ ነው የሚለው፣ አዙሩት፣ እያለች ቃሌን እየደገመች ትጮህባቸዋለች፣ ወንድም ኢያቄምን ጭምር፣ አንተ ራሱን ያዝ፣ ቆመህ አትየው ትለዋለች። መንፈራገጡ ቆመ። ሞተ ብዬ ነበር። ከዚያ ትንፋሹን ሰማሁ፣ እንደሚያንኮራፋ ሰው።

መጀመሪያ የተናገረው ወንድም ኢያቄም ነው፣ ጸሎቱ መኪና ውስጥም ይቀጥላል፣ ቪትዜን ላምጣት አለ፣ በቃ፣ ይህን ብቻ። ራኬብ ኩሽና ሮጣ ሳፋውን ገልብጣ ስልኳን ስታበራ ሐሚዳ የእሷን ዘጋች፣ ሱቋ ክፍት ነው፣ እኔም ወዲያው ራኬብ ጋ ደወልኩ፣ እና አሁን እዚያች ቪትዝ ውስጥ አለሁ፣ አራት ሰው በተጫነባት፣ በሯ ሲመታ ሰማሁ፣ ቁልቁለቱን እንደምትወርድ በሞተሯ ለየሁ፣ ኤልዳድ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድሞ የሆነ ነገር ይላል። ራኬብ ስልኩን አስጠጋችለት። «ኖላ» አለኝ፣ ምላሱን ነክሶታል መሰለኝ ቃሉ ያብጣል፣ «መብራቱን አጥፋው፣ ሰዎቹ ያዩሃል።» ከአጠገቡ የተቀመጥኩ መስሎታል። አጠፋሁት አልኩት። መጋረጃዬን አየሁ፣ ያ ሁሉ ብርሃን፣ እና በእውነት ተነስቼ ልጋርደው ሄድኩ።

ድንገተኛ ክፍሉ ጋ ሲደርሱ ተረፈ ብዬ ነበር። እንግዲህ ሐኪም እጅ ገባ፣ ሐኪም ያውቃል ብዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ነርሷን ሰማኋት፣ ወጣት ናት፣ ትሁት ናት፣ ድምጿ ደክሟል፣ ምን ሆኖ ነው ትላለች፣ እማዬ ወደቀብን ትላለች። ከዚህ በፊት ወድቆ ያውቃል? አያውቅም። ስኳር፣ ግፊት? የለበትም።

«ይጠጣል?»

«ኧረ በጌታ» አለች እማዬ። «የእኛ ልጅ? አይጠጣም። ዘማሪ ነው።»

ራኬብ አልተናገረችም። ወንድም ኢያቄምም አልተናገረም። የመጠበቂያው ወንበር ላይ ከእኛ ቸርች የሆኑ ሴት አሉ፣ እማዬ ሰላም ስትላቸው ሰምቻለሁ፣ እና እኔ ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ ተወልጄበታለሁ፣ ጨጓራው ነው የሚባልበት ዝምታ ነው። ነርሷ ምን ታድርግ፣ የነገሯትን ትይዛለች፣ ሰሞኑን ቆላ ሄዶ ነበር ወይ አለች፣ እማዬ ገመድ እንደተወረወረላት አዎ፣ አርባ ምንጭ ለኮንፈረንስ ሄዶ ነበር አለች፣ ነርሷም ወባ ሊሆን ስለሚችል ደም ይሰጥና ውጤት እስኪመጣ እዚያ ጋ ጠብቁ አለቻቸው። ጠብቁ። ሁለተኛው መንፈራገጥ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል፣ ይህንንም ተምሬያለሁ፣ ምነው ባልተማርኩ። ራኬብ ንገሪያት እላታለሁ፣ ራኬብ ስልኩ ውስጥ በሹክሹክታ እማዬ ፊት እንዴት ብዬ ትለኛለች፣ ታለቅሳለች።

ስልኩን ለእማዬ ስጪያት አልኳት።

«ኖላ፣ እየመረመሩት ነው፣ አትጨነቅ» አለችኝ እማዬ። የምላት ብዙ ነበር። ፍሬኑ፣ ነዳጁ፣ ሲኖትራኩ፣ ሁሉም አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እኔ እኮ ይህን ሁሉ ማስረዳት የምችል ሰው ነኝ። አላስረዳሁም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠየቅኳት እንጂ፣ መልሱን ሳላውቅ።

«እማ፣ ሰርቪሱ ውስጥ ሆነሽ ለጌታ ምን ብለሽ ነበር የነገርሽው?»

ከኋላዋ የአንድ ሕፃን ልቅሶ ይሰማኛል።

«እሱን ለነርሷ ንገሪያት» አልኳት።

ስልኩ ከጆሮዋ ወረደ። የዘጋችብኝ መሰለኝ። እርምጃ ሰማሁ፣ ይኸውልሽ የኔ ልጅ ስትል ሰማኋት፣ ከዚያ ድምጿ ተለወጠ፣ ዓይኗን ጨፍና የምትጸልይበት ድምፅ ሆነ፣ ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል፣ ሰው ሰማ አልሰማ የማይገደው።

«ልጄ ጠጪ ነው። አረቄ ነው የሚጠጣው። አባቱ የሞተ ዓመት ነው የጀመረው። ሳይነጋ ይጀምራል፣ ካልጠጣ ሸሚዙን መቆለፍ አይችልም። የኪቦርዱ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚደብቀው። ዘምሮ ሲመጣ ጉንጩን ስስመው ይሸተኛል። ስሜው ዝም እላለሁ።»

ነርሷ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ረቡዕ ጠዋት። እኔው ነኝ የቀማሁት።»

ነርሷ ወደ ውስጥ ዶክተር ስትል ሰማሁ፣ የአልጋ ጎማ፣ የሚሮጥ ጫማ፣ የኤልዳድን ስም፣ ከዚያ በር። አሁን ምን እንደሚሰጡት አላውቅም፣ በጊዜ ይሁን አይሁን አላውቅም። ነርሷ ሄዳለች፣ እማዬ ግን አላቆመችም፣ ለማን እንደምታወራ አላውቅም፣ ለእኚያ የቸርቻችን ሴት ይሆን፣ ለግድግዳው ይሆን፣ ከወርክሾፑ የተባረረው ጠጥቶ ነው ትላለች፣ አለቃው ደግ ሰው ነበር ትላለች፣ ጨጓራ የለበትም ትላለች። ራኬብ ስልኩን ወስዳ በእንባ ድምፅ ልዝጋው ወይ ኖላ አለችኝ።

እንዳትዘጊው አልኳት።